ያልተቋጠሩ ቀናት

ባለፈው መስከረም መንዝ ሞላሌ ቤተሰብ ልጠይቅ ሄጄ እናቴ እንቁላል እንዳመጣላት ወደ ጓሮ ላከችኝ። ዶሮዎቹ የሚያድሩት በአባቴ አሮጌ ተሳቢ ውስጥ ነው። ጎማዎቿ ከወለቁ ብዙ ዓመት ሆኗል፤ አራት ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች፣ ቆርቆሮዋ ዝጓል፣ በሯን የሚይዘው ቁራጭ ሽቦ ነው። ሽቦውን ፈትቼ ስከፍት መጀመሪያ የመጣብኝ የዶሮ ኩስ ነበር። ከዚያ ግን ከሥሩ ሌላ ሽታ መጣ፦ የጎማ ማስቲሽ፣ ፀሐይ ሲጠብሰው የኖረ ቆርቆሮ፣ የበግ ፀጉር። እንቁላሉን ረስቼ መግቢያዋ ላይ ተቀመጥኩ። እናቴ ሁለቴ ተጣራች፤ ሰምቻታለሁ፣ ግን አልተነሳሁም።

አባቴ ጎሚስታ ነው። በየዓመቱ ገብሱ ታጭዶ ከተወቃ በኋላ ተሳቢዋን ከፒክአፑ ኋላ ቀጥሎ ወደ በረሃ ይወርድ ነበር። የጅቡቲ መኪናዎች በዚያ ሙቀት ጎማቸው ቶሎ ቶሎ ይፈነዳል፤ እሱም መንገድ ዳር ቆሞ ሲለጥፍና ሲነፋ ይከርማል። ተሳቢዋን ደብረ ብርሃን ላይ ያሠራት ከአንድ የተጋጨ መኪና አክስል ነው። አንድ አልጋ ታስገባለች፤ ከአልጋው በተረፈው ቦታ ላይ ክሪክ፣ መፍቻ፣ የንፋስ መሙያው ሞተርና የተንጠለጠሉ የውስጥ ጎማዎች ይቀመጣሉ። መጋቢት ላይ አባቴ ጠቁሮና ከንፈሩ ተሰነጣጥቆ፣ በፌስታል ተምር ይዞ ይመለሳል። በረሃ ለእኔ የተምር አገር ነበር፤ የሚያስከፋ ነገር ይኖረዋል ብዬ አስቤ አላውቅም።

እትዬ አየለች የአባቴ ታላቅ እኅት ናቸው። አያቶቼ ቀደም ብለው ስለሞቱ አባቴን አዝለው ያሳደጉት እሳቸው ናቸው፤ እሱ «እትዬ» ስለሚላቸው እኛም ልጆቹ እትዬ እንላቸው ነበር። ዕድሜያቸውን ሙሉ የበግ ፀጉር ሲፈትሉ ኖረዋል፤ በእኛ አገር በእትዬ ክር የተሠራ ባና ያልለበሰ ሰው አይገኝም ቢባል ትንሽ ነው የተጋነነው። ያ ሁሉ ብናኝና የጎጆው ጭስ ደረታቸው ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ። ሲተነፍሱ ፉጨት ይሰማል። ትንሽ ሳለሁ ደረታቸው ውስጥ ጫጩት ያለ ይመስለኝና ጆሮዬን እለጥፍ ነበር፤ እሳቸውም «ጠግባ ነው የምትዘፍነው» ይሉኛል።

በዚያ ዓመት ከመስቀል በኋላ ነፋሱ ከጓሳ በኩል ሲነሳ ፉጨቱ ሌላ ሆነ። እትዬ ተኝተው መተንፈስ አቃታቸው፤ ግድግዳ ተደግፈው ያድሩ ጀመር። አባቴ ጤና ጣቢያ ሲወስዳቸው እኔም ተከተልኩ። ሐኪሙ ከመረመራቸው በኋላ አባቴን ወደ ደጅ ጠራና ይህን ውርጭ እዚህ ከከረሙ ለመጋቢት እንደማይደርሱ ነገረው። ከብርዱ ይሽሹ፣ ጭስም ፀጉርም አይንኩ፣ እስከ የካቲት መጨረሻ ሞቃት ቦታ ይሰንብቱ አለ። በር ላይ ቆሜ ሰማሁ። የገባኝ ብርዱ እትዬን ለይቶ እየፈለጋቸው መሆኑ ነው፤ ከእኛ ከሌሎቻችን ጋር ጉዳይ የለውም።

እትዬ ግን በቀላሉ እሺ የሚሉ ሰው አልነበሩም። አንድ ልጅ ነበራቸው፤ በሃያ ዓመቱ ሞቶ በደብራችን ማርያም ተቀብሯል። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ጥር ሃያ አንድ፣ በአስተርዮ ማርያም፣ ዳቦ ጋግረው፣ ጠላ ጠምቀው፣ ለካህናቱና ለድኻው ይዘክሩለታል። አንድ ዓመት አጓድለው አያውቁም። የት ሄጄ ነው የምቀረው አሉ። አባቴ አብረውት በረሃ እንዲወርዱ ሲለምናቸው ሰነበተና በመጨረሻ በአንድ ነገር ተስማሙ፦ ለጥር ሃያ አንድ ወደ አገራቸው መልሶ ሊያወጣቸው። በማርያም አስማሉት፤ ማለላቸው። እናቴ አራስ ስለነበረች እሳቸውን የምታገለግለው እኔ እንድሆን ተወሰነ። አራተኛ ክፍል ነበርኩ። መምህሬ ደብተርሽን ይዘሽ ሂጂ አለኝ እንጂ አልተቆጣም።

ኅዳር መጀመሪያ ላይ ወረድን። ጣርማ በር ላይ ሁላችንም ጋቢ ተከናንበን ነበር፤ ደብረ ሲና ጋቢውን ጣልን፤ ሸዋ ሮቢት ሹራቤን አወለቅሁ። ከዚያ አስፋልቱን ትተን ወደ ምሥራቅ ስንታጠፍ እትዬ ራሳቸው ነጠላቸውን ከአንገታቸው አላሉት። እኔ በየመታጠፊያው በኋላ መስታወት አይ ነበር። ብርዱ እየተከተለን እንደሆነ ለማወቅ ነው። የሚታየኝ ግን ከኋላችን የምትንገጫገጭ ተሳቢና አቧራ ብቻ ነው።

የሰፈርነው ከጅቡቲው አስፋልት ሃምሳ እርምጃ ያህል ገባ ብሎ አንድ ግራር ሥር ነው። ዙሪያው ጠጠርና እሾህ ነው፤ ቀጥ ብሎ እስከ ሰማዩ ጫፍ ይሄዳል። ኮረብታ የሌለበት አገር አይቼ ስለማላውቅ መጀመሪያ ሰሞን የምደገፈው የጠፋብኝ ያህል ተሰማኝ። ጎረቤታችን አንዲት ሻይ ቤት ነበረች፤ ከሰሌንና ከማዳበሪያ ከረጢት የተሠራች። ባለቤቷ ዘሀራ የምትባል የአጣዬ አካባቢ ሴት ናት። ባሏ ሰይድ የጭነት መኪና ረዳት ስለሆነ ቤቱ የሚገኘው አልፎ አልፎ ነው። ዘሀራ አማርኛዋ እንደኛው ሲሆን በነገሩ ሁሉ «ወላሂ» ስለምትል እኔም ልለምደው ነበር፤ እትዬ በቁንጥጫ አስተዉኝ። ውኃ በጀሪካን ከመኪናዎች እናገኛለን። ቀትር ላይ ቆርቆሮው ስለሚያቃጥል ከግራሩ ሥር እንውላለን፤ እትዬ ሐኪሙ የከለከላቸውን እንዝርት ከጉያቸው ያወጣሉ። እጄ ሥራ ከፈታ እሞታለሁ፣ ሐኪም ይህን አያውቅም ይሉ ነበር። በዚያ ሙቀት ለብርድ ልብስ የሚሆን ክር የሚፈትሉ አሮጊት ያዩ ሾፌሮች ቆመው ይስቃሉ።

በሁለተኛው ቀን ጠዋት እትዬ አንድ ነገር እንደጎደላቸው አስተዋልኩ። ሲነጋ ጀምሮ ጆሯቸውን ያቆማሉ። በእኛ አገር ቀኑን የሚነግረው ደወል ነው፤ ደወሉ ባይሰማ ቄሱ ያልፋል፣ ቄሱ ባያልፍ ጎረቤት ለጽዋ ይጠራል። እዚህ ግን መኪና ብቻ ነው። ፊደል አልቆጠሩም፤ የአባቴንም ስልክ አያምኑትም። ስለዚህ ጠሩኝና ከራሳቸው ፈትል አንድ ረጅም ክር ቆርጠው ሰጡኝ።

«አንቺ ተማሪ ነሽ» አሉኝ። «ቀኔን ትይዢልኛለሽ። ፀሐይ ስትጠልቅ አንድ ቋጥሪ፤ እሑድ ሲሆን በላዩ ደግመሽ ቋጥሪበት። ከዚህ በኋላ የምጠይቀው አንቺን ነው።»

እንዲህ ዓይነት ሹመት ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አልተሾምኩም። ክሩን አልጋው ራስጌ ካለ ምስማር ላይ አሠርኩት። በየጠዋቱ ዓይናቸውን ሲገልጡ «ስንዱ፣ ዛሬ ማን ነው?» ይሉኛል፤ እኔም ሚካኤል ነው፣ ኪዳነ ምሕረት ናት፣ ገብርኤል ነው እላለሁ። ስም የሌለውን ቀን ቁጥሩን እነግራቸዋለሁ። ጾሙን፣ በዓሉን፣ እንዝርት የሚያዝበትንና የማይያዝበትን ቀን የሚወስኑት በእኔ ቃል ነበር። ለዘሀራም ለሾፌሮቹም ይህችን ልጅ ያላችሁ ቀን አይጠፋባችሁም እያሉ ያስተዋውቁኛል።

ኅዳር ጽዮንን ካከበርን በማግስቱ ትኩሳት ጣላቸው። የገና ጾም ገብቶ ነበር፤ በቀን አንድ ጊዜ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ነው የሚበሉት። ሦስት ቀን ራሳቸውን አላወቁም። እርጥብ ጨርቅ ግንባራቸው ላይ እያደረግሁ፣ ኪኒናቸውን እያስዋጥኩ፣ ስተኛም ስነሳም እያለቀስኩ ቆየሁ። በአራተኛው ቀን ነቅተው ዛሬ ማን ነው ሲሉኝ ወደ ክሩ ዞር አልኩ። ሦስት ቀን ሙሉ አልቋጠርኩም። ደንግጬ የተቋጠረውን ቆጥሬ ሃያ ሁለት ነው አልኳቸው። ሃያ አምስት ነበር።

ወደ አባቴ ሮጥኩ። አንድ የውስጥ ጎማ ነፍቶ ውኃ በሞላ ሳፋ ውስጥ እየነከረ ቀዳዳውን ይፈልግ ነበር። እያለቀስኩ ነገርኩት። ቀዳዳው የቱ ጋ እንዳለ አረፋው እስኪያሳየው ድረስ ቀና አላለም። ከዚያ ጣቱን ቀዳዳው ላይ አድርጎ፣ ሦስት ቀን ብቻ እንደሆነ ጠየቀኝ፣ አሁን ስለደከማቸው እንዳልነግራቸው አዘዘኝና ሥራውን ቀጠለ። በጥፊ አለመመታቴ ብቻ ነው የታየኝ።

ከሳምንት በኋላ አቧራ ያዘለ ነፋስ ሲነፍስ የዋለ ቀን፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል አባቴ ወደ ተሳቢዋ ኋላ ወሰደኝና ዛሬን አትቋጥሪው አለኝ። ለምን አልኩት። ቁመቱ እኩያዬ እስኪሆን ቁጢጥ አለ።

«ጥር ሃያ አንድ ወደዚያ ብርድ ካወጣኋቸው ይሞቱብኛል» አለ። «በማርያም ምያለሁ፣ መሐላ አላፈርስም። ቀኑ ካልደረሰ ግን መሐላውም አይደርስም። ገባሽ?»

ገባኝ። እንዲያውም እሱ ካለው በላይ ነው የገባኝ። ያልተቋጠረ ቀን ያልመጣ ቀን መሰለኝ። እኔ ካልቋጠርኩ ጥር ሃያ አንድ እዚህ ብቻ ሳይሆን መንዝም አይደርስም፤ ካህናቱ ታቦቱን ይዘው የእኔን ክር ይጠብቃሉ፤ እናቴም አራስ ቤት ሆና ትጠብቃለች። አገር ሁሉ በእጄ እንደሆነ ስለተሰማኝ ፈራሁ፣ ትንሽም ኮራሁ። ያን ዕለት ሳልቋጥር ተኛሁ።

እንዲህ ዓይነቱ ቀን ተደጋገመ። አባቴ የሚመርጠው እትዬ የከፋቸውን ቀን፣ ወይም አቧራው አፍኖን ጠዋቱ ከማታው የማይለይበትን ነው፤ ኪኒኑም ያደነዝዛቸው ነበር። አንድ ጠዋት ቀኑን ስነግራቸው «ትናንትም እንዲህ ያልሽኝ መሰለኝ» አሉ። ጥቂት አሰቡና «አይ እኔ፣ አርጅቻለሁ፣ አእምሮዬም እየሄደ ነው» አሉና ሻሻቸውን አስተካከሉ። ከዋሸሁት ሁሉ አሁንም ድረስ አንጀቴን የሚበላኝ ይህ ነው። ራሳቸውን ጠረጠሩ እንጂ እኔን አልጠረጠሩም።

በረሃው ግን ለደረታቸው በጅቷል። ፉጨቱ ቀነሰ፤ ተጋድመው መተኛት ጀመሩ፤ ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ ያለ ምርኩዝ እስከ ዘሀራ ቤት ደርሰው ተመለሱ። አባቴ ይህን ባየ ቁጥር ፊቱ ይበራል፤ ትክክል ነኝ ማለቱ ነው። ሁለታችንም ያላሰብነው ጾሙን ነው።

ገና ሲደርስ ክሩ በአምስት ቀን ወደ ኋላ ቀርቶ ነበር። የዚያን ዕለት ጠዋት በጎች ከላያቸው ያሠሩ መኪናዎች ጡሩምባ እየነፉ አለፉ። አንድ የደብረ ብርሃን ሾፌር ሊወርድና እንኳን አደረሳችሁ ሊል ሲል አባቴ ሮጦ መንገድ ላይ ያዘው፤ ምን እንዳለው አላውቅም፣ ሰውየው ወደ እኛ እያየ ራሱን ነቀነቀና ነድቶ ሄደ። እትዬ ከግራሩ ሥር እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ እንኳ ሳይቀምሱ ተቀምጠው ነበር። አገሩ ሁሉ ሲፈታ እሳቸው ይጾማሉ፤ እንዲጾሙ ያደረግኋቸው እኔ ነኝ። በማግስቱም፣ ከዚያም በማግስቱ። ጉንጫቸው ጎደጎደ። ከዘሀራ ቤት ሲመለሱ ሁለት ጊዜ መሬት ላይ አረፉ።

ለአባቴ አንድ ላይ ሁለት ሦስቱን ልቋጥርና ይፍቱ አልኩት። አንዴ ከተጀመረ እንደማይሆን፣ ቀን ቢዘል ወዲያው እንደሚያውቁ ነገረኝ። እሱም አብሯቸው ይጾም ነበር። እኔ ደግሞ በዚያ ሁሉ መሐል የማዝነው ለመንዝም ነበር፤ በእኔ ምክንያት አገር ሳይፈታ አምስት ቀን ቀረ እያልኩ።

በስድስተኛው ቀን «ገና» ሆነ። አባቴ ከዘሀራ ዶሮ ገዝቶ አረደ። እትዬ ሦስት ጉርሻ በልተው በቃኝ አሉ። ከዚያ እጄን ይዘው «ቀኔን እንደጠበቅሽልኝ እሱ ዕድሜሽን ይጠብቅልሽ» ብለው መረቁኝ። ከእጃቸው ወጥቼ ከተሳቢዋ ኋላ ሄድኩና እስኪመሽ እዚያ ተቀመጥኩ። ሆዷን አሟታል ተባለ።

ከዚያ በኋላም አራት ቀን ሳይቋጠር አለፈ። ጥምቀትን ከጀሪካን ውኃ ፊታችንን ተራጭተን አከበርን፤ እሱም ቀኑ አልነበረም።

አንድ ጠዋት ቂርቆስ ነው አልኳቸው፤ ጥር አሥራ አምስት፣ ረቡዕ። እትዬ ደስ ብሏቸው ተነሱ። ስድስት ቀን ቀረን አሉ፣ መንገዱን ጨምሮ። ከቀረችን ውኃ ላይ ለምነው ነጠላቸውን ለክብረ በዓሉ ሊያጥቡ ተቀመጡ። የዝክሩን ጠላ ማን እንደሚጠምቅ፣ ገብሱን ከማን እንደሚበደሩ እያወሩ ያጥባሉ። ዘሀራ በጣሳ የፍየል ወተት ይዛ መጣች። እትዬ አመስግነው ረቡዕ ስለሆነ እንደማይጠጡ ነገሯት።

ዘሀራ ምንም የምታውቀው አልነበረም። «ረቡዕማ ከትናንት ወዲያ ነበር፣ እትዬ» አለች። «ዛሬ ጁምዓ ነው። ሰይድ ትናንት ገብቶ ዛሬ በማለዳ ነጭ ለብሶ ወደ መስጊድ ሄዷል፤ አላዩትም?»

እትዬ አይተውት ነበር። በማለዳ አልፎ ሲሄድ ሰላም ብለውታል። እጃቸው ነጠላው ላይ እንዳለ ቆመ። ዘሀራ ነገሩ ስላልገባት ወተቱን ልጅቷ ትጠጣዋለች ብላ አስቀምጣው ሄደች። እትዬ እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠርገው ጠሩኝ። ክሩን እንዳመጣ አዘዙኝ። አመጣሁ። ከጫፍ እስከ ጫፍ በጣታቸው ዳሰሱት፤ ቋጠሮው ሁሉ በቦታው ነው፣ እሑዶቹም ደህና ናቸው።

«ስንት ቀን ነው የጎደለው?» አሉኝ። ድምፃቸው ቁጣ የለውም።

«ዘጠኝ።»

በጣታቸው አንጓ ላይ ቆጠሩ። ቀስ ብለው ነው የቆጠሩት፣ ሁለት ጊዜ። «እንግዲያ ዛሬ ተክለ ሃይማኖት ነው» አሉ። «ማርያም አልፋለች።»

«አላለፈችም እትዬ» አልኩ። «እኔ አልቋጠርኩትም እኮ።»

አዩኝ። ያኔ ነው ከፊታቸው ላይ ያነበብኩት፤ ታቦቱ እኛን ሳይጠብቅ ወጥቶ ገብቷል። ሕዝቡ ጨፍሮ ወደየቤቱ ሄዷል። በዓለም ላይ እኔን የጠበቀ አንድም ቀን አልነበረም፤ ወደ ኋላ የቀሩት እትዬ ብቻ ናቸው። ያን ዕለት እንዳለቀስኩ ለማንም ሞት አላለቀስኩም።

አባቴ ከመንገዱ ሲመለስ ነጠላው እንደረጠበ ሳፋው ውስጥ ነበር። ነገሩን ለመረዳት የእኔን ፊት ማየት በቅቶታል። ሐኪሙ ያለውን ነገራቸው፣ ለእሳቸው ብሎ እንዳደረገው ነገራቸው። ዝክሩም እንዳልቀረ፣ እናቴ ልጇን አዝላ በስማቸው ዳቦውን ይዛ እንደሄደች፣ በስልክ እንዳረጋገጠ አከለ። እትዬ እስኪጨርስ ጠበቁት።

«ልጄን የወለድኩት እኔ ነኝ» አሉት። «ዳቦውን የምቆርስለት እኔ ነኝ። እንዳልሞት ፈርተህ ነው፤ እሱን አውቃለሁ። ግን የእኔን ሞት እኔ ልፍራው እንጂ አንተ ምን ቤት ነህ?»

አባቴ አሁኑኑ እንውጣ፣ ተሳቢዋን ትቼ በፒክአፑ ላድርስዎት አለ። እሳቸው ግን ያለፈው እንዳለፈ፣ ከእንግዲህ የሚያስቸኩላቸው ነገር እንደሌለ ተናገሩ። ነጠላቸውን ጨምቀው ግራሩ ላይ አሰጡት።

ውርጩ እስኪያልፍ ሁለት ወር ያህል ቆየን። እትዬ አልተቆጡኝም፤ ፀጉሬን ይሠሩልኛል፣ ከምግባቸው ያጎርሱኛል። ቀኑን ግን አልጠየቁኝም። ጠዋት ጠዋት በምርኩዛቸው ወደ ዘሀራ ቤት ሄደው ለጁምዓ ስንት ቀን እንደቀረ ይጠይቋታል፤ ከዚያ እየቆጠሩ እሑዳቸውን ያገኛሉ። ዘሀራም ሲመጡ ስታይ ሳይጠይቋት ጣቷን እያሳየች ትነግራቸው ነበር። እኔ ተሳቢዋ በር ላይ ቆሜ አያለሁ። ቢመቱኝ ይሻለኝ ነበር።

መጋቢት ላይ ወጣን፤ ሁዳዴ ተጋምሶ ነበር። እትዬ በእግራቸው ደጃፋቸውን ረግጠው ገቡ፤ ጎረቤቱ ሁሉ እልል አለ። ሐኪሙ ሰምቶ በረሃው አዳነዎት አላቸው። አባቴ አንገቱን ደፋ። በማግስቱ እትዬ እኔን አስከትለው የነፍስ አባታቸው ዘንድ ሄዱ። ምን እንደሚሉ ስለማውቅ ወደ ኋላ እየቀረሁ ተከተልኳቸው። ሰኞ መስሏቸው የጠጡት ወተት ረቡዕ እንደነበር፣ አርብ መስሏቸው እሑድን ሲጾሙና ሲፈትሉ እንደዋሉ፣ የልጃቸውን ቀን እንዳሳለፉ አንድ በአንድ ተናገሩ። የእኔንም የአባቴንም ስም አላነሱም። ቀን ስቼ ነው አሉ። ቄሱ ሕመምተኛ ስለሆኑ ጸሎት ይበቃዎታል ቢሏቸውም እሳቸው አርባ አንድ ስግደት ካልተሰጠኝ አልሄድም ብለው ተቀመጡ። ቄሱ በመጨረሻ እንደሚችሉት ይስገዱ ብለው ባረኳቸው።

በዚያው ሳምንት አንድ ጠዋት አባቴ በፒክአፑ ወሰደን፤ ዳገቱን በእግራቸው አይችሉትም። አባቴ ቤተ ክርስቲያን ሲያደርሰን እንደልማዱ ደጀ ሰላሙ ላይ ቀረ። እሱ ከልጅነቱ ጀምሮ ከመኪና ጋር ስለኖረ ይህን የሴቶችና የሽማግሌዎች ነገር አድርጎ ይቆጥረው ነበር። ብርዱ ሙሉ በሙሉ አልወጣም፤ ሣሩ ላይ ጤዛ አለ። እትዬ ነጠላቸውን መስቀለኛ ለብሰው፣ ፊታቸውን ወደ መቅደሱ አዙረው ጀመሩ። አንድ። ሁለት። ግንባራቸው መሬት ይነካል፤ ለመነሳት ግን ሁለቱንም እጃቸውን ይደገፋሉ። በስድስተኛው ያ ፉጨት ተመለሰ። በዘጠነኛው ደጀ ሰላሙ ድረስ ተሰማ።

አባቴ ሣሩን እየረገጠ መጣ።

«እትዬ፣ ይብቃዎት» አለ። «የቀረውን ለእኔ ይስጡኝ፣ እኔ ልጨርሰው።»

እትዬ ትንፋሻቸው እስኪመለስ ተንበርክከው ቆዩ። ዞረውም አላዩት።

«የእኔን አልሰጥህም» አሉት። «የራስህን ስገድ።»

አባቴ ጫማውን አወለቀና ከጎናቸው ተንበረከከ። ግሪስ የገባበት መዳፉን እርጥቡ ሣር ላይ ዘርግቶ ግንባሩን መሬት አስነካ። እሱ ቶሎ ይነሳል፤ እትዬ እስኪነሱ ቆሞ ይጠብቃቸዋል፤ ከዚያ አብረው ይወርዳሉ። እኔን ስገጂ ያለኝ የለም። ከአጥሩ ሥር ጫማዬን አውልቄ፣ ከሁለት አንዳቸው እስኪጠሩኝ ድረስ ቆሜ ጠበቅሁ።